ክሩን ይዤ፣ ድንጋዩን ተሸክሜ

ምራቴ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንዳልቀመሰች ያወቅሁት ጠዋት ነው። ራስጌዋ ያኖርኩላት ብርጭቆ እንደሞላ ቁጭ ብሏል። ስምንት ወሯ ነበር። ሆዷ ከፊቷ እየቀደመ የሚሄድበት፣ ጫማዋን እኔ የማስርላት ጊዜ። ሐኪሟ ውሃ አብዝተሽ ጠጪ፣ ዳገት አትውጪ፣ ደም ግፊትሽ አላማረኝም ብላታለች።

"ምነው ልጄ፣ ውሃው እንዳለ ነው?"

"ዛሬ ጾም ነኝ፣ እማ።"

"አንቺ ደግሞ! ጾሙ የኛ ነው፣ ፍልሰታ። እሱንም ቢሆን እርጉዝ አትጾመውም።"

"የእናንተን አይደለም የምጾመው። የወንድሜን ነው።"

ያን ጊዜ ገባኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ።

ምራቴ ህንድ ናት። በአገሯ፣ ዝናብ በሚበረታበት ወራት ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣ እህቶች ለወንድሞቻቸው ቀኝ እጅ ላይ ክር የሚያስሩበት በዓል አለ። ክሩን ታስርና ግንባሩን በቀይ ዱቄት ትነካዋለች፤ ጣፋጭ ታጎርሰዋለች። እሱም መልሶ ያጎርሳታል። አለሁልሽ ማለት ነው። በእናቷ ቤት ደግሞ ክሩ እስኪታሰር እህት አትበላም። ሌላው ቤት ውሃ ይጠጣል፤ የእሷ እናት ግን ውሃም አታስነካም ነበር። በዓሉ በየዓመቱ እየተንሸራተተ ይመጣል፤ ያን ዓመት ከቡሄ ጋር አንድ ቀን ዋለ። ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ ውስጥ ጅራፍ ይጮኻል። እኔ እንደሆንኩ ጅራፍ በጮኸ ቁጥር ልቤ ዘለል ትላለች፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ይብስ ነበር።

"እስከ ስንት ሰዓት ነው እንዲህ የምትቆዪው?" አልኳት።

"ክሩ እስኪታሰር።"

"ካልታሰረስ?"

ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

"አምና ሳይታሰር በላሁ፣ እማ። ዓመቱን ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ነበር። ዘንድሮ አልበላም።"

"ያለሽበትን እያየሽ? ልጁስ?"

"ልጄም አጎት ያስፈልገዋል።"

ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግትር ናት። እኔም ግትር ነበርኩና አውቀዋለሁ። ግትር ሰው ላይ ከጮህክበት ይብሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ነው የሞተው። ያሳደጋት፣ ያስተማራት ይህ ወንድሟ ነው። መሐንዲስ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ ይዟት መጣና አንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ጀመረች። ብቻዋን ታክሲ እንድትጋፋ አልፈለገም። የሚያምነውን ሾፌር ጠዋት አድርሳት፣ ከሰዓት መልሳት አለው። ሾፌሩ የእኔ ልጅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን መናገር የሚያሻ አይመስለኝም። ሁለት ምስክር ይዘው ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈረሙ። እኔም ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት። ወንድምየው ያመነው ሰው፣ በገዛ መኪናው፣ እህቱን ወሰደበት። "እህት የለኝም" አለ፤ በቃ። የመጀመሪያው ዓመት የላከችለት ክር ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰ። በሁለተኛው ራሷ ይዛለት ሄደች፤ እንጦጦ ላይ ያለው የሥራ ቦታው ጥበቃ "እንዳላስገባ ታዝዣለሁ፣ እህቴ" ብሎ ከበር መለሳት።

ልጄ ያን ሰሞን ጭነት ይዞ ወደ ጅቡቲ ወርዷል፤ ስልኩም አይሠራ። ቢኖርም ምን ያደርግ ነበር? ወንድሟ እሱን ያየ ዕለትማ ሌላ ጠብ ነው።

"ስጪኝ" አልኳት። "እኔ እወስደዋለሁ።"

"አያስገቡዎትም።"

"እኔን አያውቁኝም። አሮጊት ደግሞ የትም ይገባል።"

ሳቅ አላት። ከዚያ ስልኳን አየችና "አሁን አይሆንም፣ እስከ አምስት ሰዓት ክፉ ሰዓት ነው፤ በክፉ ሰዓት አይታሰርም" አለች።

"እኔስ ብሆን ከአምስት ሰዓት በፊት እዚያ ዳገት ላይ የምደርስ ይመስልሻል?"

ክሩን እዚሁ ቤት ነው የገመድነው። እንደ አገሯ ያለ ተሠርቶ የሚሸጥ እዚህ አይገኝም፤ ሾላ ገበያ ወርደን የጥለት ክር ገዛን፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ወርቅማም። ሻጯ "ለምን ልብስ ነው?" ስትለን "ለወንድም ነው" አለቻት ምራቴ፤ ሴትየዋ ግራ ገብቷት አየችን። ሦስት ማታ እየጎነጎነች፣ እኔ ጫፉን ይዤላት ሠራችው። እኛ ሁለታችን ብዙ ነገር እንዲህ ጫፍና ጫፍ ይዘን ነው የምንሠራው። ፊደልም የቆጠርነው አብረን ነው። እሷ አማርኛ ልትማር ግድግዳ ላይ ፊደል ለጠፈች፤ እኔም በስተርጅና አብሬያት ሀ ሁ አልኩ። ይኸው አሁን የምጽፈውም በዚያው ነው። እሷ ቀደመችኝ፤ አስተማሪ ናትና። በምላሹ የአገሯን ቃል እያንጠባጠበች ታስተምረኛለች። ወተት፣ ጨው፣ በር፣ ውሃ። ውሃ ፓኒ ይባላል።

ጣፋጩን ወተትና ስኳር አብልታ፣ ሌሊት ተነስታ ነው የሠራችው። ምሳ ዕቃ ውስጥ አደረገችው። "ትንሽ ቢቀምሱልኝ፤ እኔ መቅመስ አልችልም፣ ስኳሩ እንዴት እንደሆነ አላውቅም" አለች። "ወተት አይደል? በፍልሰታ!" አልኳት። እንዲህ ሆኖ ሁለታችንም ሳንቀምሰው ምሳ ዕቃው ተከደነ። ክሩንና በወረቀት የተጠቀለለውን ቀይ ዱቄት ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ። ስልኬን ልጄ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎልኛል፤ እጥለዋለሁ ብሎ ፈርቶ። ጎረቤቴን ጠርቼ "ከአጠገቧ እንዳትነሺ፤ ራሴን አዞረኝ ካለች ሐኪም ቤት ውሰጂያት" ብዬ አደራ ሰጥቻት ወጣሁ።

ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ ላይ ያለውን መንገድ እግሬ ያውቀዋል። በልጃገረድነቴ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክሜ በዚህ ቁልቁል ወርጃለሁ። ሸክሙ ከእኔ ይረዝም ነበር። አሁን ቦታው ተለውጧል፤ አጥሩ፣ አስፋልቱ፣ ቅዳሜና እሁድ ለመናፈስ የሚመጣው መኪና። ከዛፉ ሥር ያለው ጭቃ ግን ያው ነው፤ ዛሬም ያንሸራትታል። ዝናቡ ግማሽ መንገድ ላይ ያዘኝ። ዣንጥላ ይዣለሁ ግን የነሐሴ ዝናብ ከጎን ነው የሚመጣው።

እየሄድኩ የምናገረውን አዘጋጃለሁ። "ልጄ ሆይ፣ እህትህ..." እልና እተወዋለሁ። እህቱ መሆኗን እሱ መች አጣው? "አርግዛለች" እልና እተወዋለሁ፤ በሆዷ የማስፈራራው ይመስልብኛል። ራጉኤል በር ላይ ስደርስ ቅዳሴው ገና አልወጣም። በሩን ተሳለምኩና ግንባሬን እንዳስደገፍኩ ቆየሁ። አባቴ ራጉኤል፣ ምን ልበለው? አልኩት።

እዚያ ቆሜ ነው የራሳችን ጥፋት የታየኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኛ ቤት የሚወራው ስለ እሱ ጭካኔ ነበር። ክር የመለሰ፣ በር ያዘጋ። እኛስ? እኛ ሽማግሌ ልከናል? የሰው ልጅ ሲፈለግ ሦስት ሽማግሌ ተልኮ፣ በር ተቆሞ፣ ልጅዎን ለልጃችን ይባላል። ድሃም ይህን ያደርጋል። እኛ የእሱን ቤት በር አንድ ቀን አላንኳኳንም። ህንድ ነው፣ ወጉን አያውቅም ብለን ይሆን? ወጉ የእኛ ነው እንጂ። ካጠፋን በኋላ እንኳ ይቅርታ አላልነውም። የሚታሰርለትን ክር ብቻ እየላክን ይቀበል እንላለን።

አባቴ በአገራችን አንድ ጊዜ በሰው ማሳ ከብት ለቆ ሲጣላ አይቼዋለሁ። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ የበደለው ሰው በር ላይ ሄዶ ቆመ። ሰውየው "አውርደው" እስኪለው ድረስ ቆመ፤ ፀሐዩ ዞረበት፤ እናቴ ከሩቅ ቆማ ታለቅሳለች። ሰውየው በመጨረሻ ወጥቶ በገዛ እጁ አወረደለት። የበደለኛውን ድንጋይ ያወረደ ሰው ይቅር ብሏል። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም።

ከራጉኤል ወዲያ ትንሽ እንደሄድኩ ወንድሟ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠራበት ቦታ ነው። አጥሩ ሥር ጥርብ ድንጋይ ተከምሯል። ዣንጥላዬን አጠፍኩ። ምሳ ዕቃውን በፌስታሉ ክርኔ ላይ አንጠለጠልኩ። አንዱን ድንጋይ፣ ትንሹን አይደለም፣ ትንሹን ብወስድ አፍር ነበር፣ አነሳሁና ትከሻዬ ላይ፣ ማጅራቴ ላይ አደረግሁት። በሁለት እጄ ያዝኩት። በሩን በእግሬ መታሁ።

ጥበቃው ከፈተ። "ምን ፈልገው ነው፣ እማ..." ብሎ ሳይጨርስ ድንጋዩን አየ። የእኔ እኩያ ነው። "ማንን በድለው ነው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"መሐንዲሱን።"

"ህንዱን? እሱ እኮ ይህን አያውቅም።"

"እናንተ ታውቁ የለ።"

ዞር አለልኝ። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ፊት በር ለመዝጋት እጁ አልታዘዘለትም መሰለኝ።

ግቢው መሐል ሄጄ ቆምኩ። ያን ቀን ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ኖሯል፤ ሚክሰሩ ይንኳኳል፣ ሰው ይራወጣል። ሁለት ሴቶች ባሬላ ይዘው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ "እማማ፣ በዚህ ዕድሜ በትከሻ? ባሬላ እኮ አለ!" አለኝ። ሳቁ።

"ዝም በል አንተ!" አለችው አንደኛዋ። ባሬላውን አስቀመጠች። "ሥራ አይደለም፤ እርቅ ነው። አይታይህም አቋቋማቸው?"

ጎረምሳው ቆቡን አወለቀ። እኔም ቤት ያለችው ትዝ አለችኝ።

ከቆርቆሮ ቢሮው ነጭ ሄልሜት ያደረገ ረጅም ሰው ወጣ። ሳየው ቅንድቡን አወቅሁት፤ የምራቴ ቅንድብ ነው። እኔን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠና ፎርማኑ ላይ በእንግሊዝኛ ጮኸበት። ፎርማኑ እጁን ያወናጭፋል። ኋላ እንደነገሩኝ፣ "ማን ቀጠራት? አሮጊት ድንጋይ ታሸክማለህ እንዴ? እናትህ ብትሆንስ?" ነበር የሚለው። ለቀን ሥራ የመጣሁ መስሎታል። ከዚያ ወደ እኔ መጣ፤ ከሠራተኛው የለቀማት አማርኛ አለችው፤

"እማማ! አስቀምጥ! አስቀምጥ! ሂድ ቤት!"

እንግዲህ ቃሉን አለው። አውርጂ አለኝ። ባወርደው ማን ይጠይቀኛል? ባሬላ የያዘችው ሴት እንኳ "አለዎት እኮ፣ ያውርዱት!" አለችኝ። ትከሻዬ እየተቆረጠ ነው። ግን እኔ ማን እንደሆንኩ አላወቀም። ሳያውቀኝ ይቅርታውን ብወስድ ሌላ ስርቆት ነው። አንድ ጊዜ ከዚህ ሰው ቤት ሳይነገረው ወስደናል፤ ይበቃል።

"ማን እንደሆንኩ ንገረው" አልኩት ፎርማኑን።

"ማን ነዎት?"

አፌን ሳልከፍት መሐንዲሱ ደረቴን አየ። ዓይኑ ፈጠጠ። እኔም ዝቅ ብዬ ሳይ ነጠላዬ ከደረቴ እስከ ወገቤ ቀልቷል። ዝናቡ ቋጠሮው ውስጥ ገብቶ ዱቄቱን በጥብጦታል። ድንጋዩ የጎዳኝ መስሎት ደንግጦ ተጠጋኝ። ቀዩን በጣቱ ነካ። ጣቱን አየው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው።

ደም አለመሆኑን ያን ጊዜ አወቀ። ከእናቱ ቤት ጀምሮ የሚያውቀው ሽታ ነው። ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረው ድንጋጤ ሁሉ እንደ በር ተዘጋ።

"ሾፌር?" አለ።

"አዎ። የሾፌሩ እናት ነኝ።"

በጣቱ በሩን አሳየኝ። ጣቱ ጫፉ ቀይ ነው። ተመልሶ ቢሮው ገባ።

ፎርማኑን ለመንኩት። "ግባና ንገርልኝ፤ ሽማግሌ ሳንልክ፣ በርህን ሳናንኳኳ እህትህን ወሰድን፤ በድለናል። እሷ አይደለችም የበደለችህ፤ እኛ ነን በለው። ውሃ እንዳልቀመሰችም ንገረው።" ገባ። ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

"ምን አለህ?"

"'ሁለት ዓመት ዘግይታችኋል' አለ።"

"ውሃውንስ?"

"'በየዓመቱ እንዲህ ትላለች፤ አልታለልም' አለ። ስለ ድንጋዩ ግን አልነገርኩትም፣ እማማ። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠፋኝ።"

"ተወው። ስለ ድንጋዩ አትንገረው።"

በዚህ መሐል ሰው ሥራውን አቁሞ ዙሪያዬን ቆሟል። ሚክሰሩ ባዶውን ይንኳኳል። ፎርማኑ "ኮንክሪቱ ይደርቃል፣ ወደ ሥራ!" ቢል የሚሰማው የለም። ባሬላዋ ሴት "እናታችን ቆመው እኛ አንሠራም" አለች። ይህን ጊዜ ፈራሁ። ለካ ሳላስበው ጦር ይዤበት መጥቻለሁ። ሰውየው ሥራው ተበላሽቶበት በግዱ ይቅር ቢል ምን ያደርግልኛል? ክሩን አስሬ ሳልወጣ ይበጥሰዋል።

"በሉ ሂዱ!" አልኳቸው ጮክ ብዬ። "እናንተን ብሎ ማን ጠራ? ይህ የእኔና የእሱ ነው። የሰው ሥራ አታበላሹብኝ።"

እያንጎራጎሩ ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። ዝናቡ መለስ ብሎ መጣ። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ የራጉኤል ቅዳሴ ሲወጣ ደወሉን ሰማሁ። እሷ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ክርኔ፣ ቀጥሎ ጉልበቴ። ጭራሮ የተሸከምኩበትን ዘመን እያሰብኩ፣ እስከዚያ ዛፍ፣ እስከዚያ ድንጋይ እያልኩ እንደምወርደው፣ ትንሽ ልቁም፣ አሁንም ትንሽ ልቁም እላለሁ።

ስልኬ ጮኸ።

አንገቴ ላይ፣ ከነጠላዬ በላይ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። እጄን ብለቅ ድንጋዩ ይወድቃል። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። እሷ ብትሆንስ? ጎረቤቴ ብትሆንስ? ወድቃ ቢሆንስ? ሁለተኛ ጮኸ። ዝም አለ። ላውርደውና ላንሳው አልኩ በልቤ፤ ካወረድኩት ደግሞ የመጣሁበት ነገር እዚያው አለቀ። የማደርገውን አጣሁ። ከዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጭንቅ ጥቂት ነው የማውቀው።

ሦስተኛ ሲጮኽ መሐንዲሱ ኮንክሪቱን ሊያይ ከቢሮው ወጥቶ በአጠገቤ እያለፈ ነበር።

"አንሳ!" አለኝ ተቆጥቶ። "ስልክ አንሳ!"

"እጄ ሞልቷል" አልኩት።

ጩኸቱ አላስቻለውም። ቀረብ አለና ሊያጠፋው ስልኩን ከደረቴ ላይ ያዘ። ያዘና ቁጥሩን አየ።

እንደያዘው ቀረ። ቁጥሩን ራሱ ነው ያወጣላት፤ እዚህ አገር የመጡ ጊዜ። ሁለት ዓመት ሲደወልለት ያላነሳው ቁጥር ነው። ገመዱ አጭር ስለሆነ ራሱን ወደ እኔ ዝቅ አድርጎ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። አንዱን ቁልፍ ተጫነ።

ስልኬ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፤ ጆሮዬ ስለማይሰማ ልጄ እንዲያ አድርጎልኛል።

"እማ?" አለች። ድምፁ የደረቀ ሰው ድምፅ ነው። "እማ፣ ደረሱ? ለምን አያነሱም? አዩት?"

እሱ ስልኩን አልለቀቀም።

"አዩት? ከስቷል?"

ይህችን የምታህል አማርኛ አያጣትም። እህቱ በባዕድ ቋንቋ፣ ለባዕድ አሮጊት፣ ስለ እሱ ሰውነት ስትጠይቅ ሰማ። ከዚያ በአገራቸው አንድ ቃል ተናገረ። ኋላ ስጠይቃት "ትንሿ" ማለት ነው አለችኝ፤ በልጅነቷ የሚጠራት እንዲያ ነበር።

ከወዲያኛው በኩል ለቅሶዋ መጣ። እሱም እየተጣደፈ ይናገራል፤ አንዱም አይገባኝም፤ አንድ ቃል ብቻ ደጋግሜ እሰማለሁ። ፓኒ። ፓኒ። ይህቺን አውቃታለሁ! ውሃ ጠጪ እያላት ነው። ይቆጣታል፤ ፓኒ። ይለምናታል፤ ፓኒ። እሷ መልሳ አንድ ነገር ትለዋለች፤ ሁልጊዜ ያንኑ። ሳይታሰር አልጠጣም ማለቷ እንደሆነ ቋንቋውን ሳላውቅ አወቅሁ።

በመጨረሻ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። የሸሚዙን እጅጌ በጥርሱ ሰብስቦ።

"እጄ ሞልቷል፣ ልጄ" አልኩት።

ድንጋዩን ያን ጊዜ ገና ያየው ይመስል አየው። ስልኩን ለቀቀና በሁለት እጁ ከትከሻዬ አነሳው። ክብደቱ አስደነገጠው። የት እንደሚያኖረው ቸግሮት ዞር ዞር አለና፣ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ እግሬ ሥር አስቀመጠው።

እልልታው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሴቶቹ ለካ እየሠሩም ዓይናቸው እኛ ላይ ነበር። ባሬላው ተጣለ፤ ጥበቃው ከበሩ ላይ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። መሐንዲሱ ደንግጦ ግራ ቀኝ አየ፤ ምን አደረግሁ? የሚል ፊት። ፎርማኑን በዓይኔ ተቆጣሁት፤ ዝም በል አልኩት።

እጄ ስለደነዘዘ ቋጠሮውን መፍታት አቃተኝ፤ በጥርሴ ፈታሁት። ክሩ ረጥቧል፣ ቀለሙ ተዋህዷል። አንዱን ጫፍ እሱ በግራ እጁ ያዘልኝ፣ ሌላውን እኔ። እሷ በስልኩ ውስጥ የሚባለውን ትላለች። ሦስት ጊዜ ቋጠርኩት። ቀይ ዱቄቱ ከወረቀቱ አልቋል፤ አውራ ጣቴን ነጠላዬ ላይ ተጫንኩና ግንባሩን ነካሁት።

"ታሰረ!" አልኳት። "በይ ጠጪ!"

ብርጭቆው ጥርሷን ሲነካ ሰማን። ከዚያ ጉንጭ፣ ጉንጭ፣ ጉንጭ። መሐንዲሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥር ነበር መሰለኝ።

ምሳ ዕቃውን ከፈትኩ። አንድ ቁራሽ አጎረስኩት። አላመጠና "ስኳር ብዙ" አለ፤ እሷ በስልኩ ሳቀች። ከዚያ እሱም እንደ ወጉ አንድ ቁራሽ አንስቶ ወደ አፌ አመጣው።

ወተት ነው። ፍልሰታ ነው። ከብቦን የቆመው ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው፤ ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። ፎርማኑ "ሰር፣ ጾም..." ብሎ ሲጀምር ዞሬ አየሁት፤ ዋጠው። ሰውየው እጁን እንደዘረጋ ነው። ይህን እጅ ብመልስ፣ ነገ ምን ብዬ ልቆምበት ነው? አፌን ከፈትኩ። ስኳሩ እውነትም በዝቷል።

ከቆይታ በኋላ በፎርማኑ በኩል፣ "ይህ ለእህቴ ነው። ለሾፌሩ አይደለም" አለኝ።

"ለሾፌሩማ ሌላ ቀን፣ ሌላ ድንጋይ ይዤ እመጣለሁ በለው።"

ፎርማኑ ይህን ይንገረው አይንገረው አላውቅም። በመኪናው እስከ ፈረንሳይ አስወረደኝ፤ እሱ ግን አብሮኝ አልመጣም።

ማግስቱን የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝኩ። "ወተት? በፍልሰታ? ምን ቸግሮሽ?" አሉኝ። ከነሚክሰሩ፣ ከነስልኩ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ሃያ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ፤ በየስግደቱ ትከሻዬ እየጮኸ።

ልጁ በመስከረም ተወለደ፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። አጎቱ እስከ በራችን መጥቶ መኪና ውስጥ ሆኖ አቀፈው፤ እጁ ላይ ክሩ ነጣ ብሎ እንዳለ ነበር። ልጄ ያን ጊዜ ጓሮ ተደብቆ ቆሞ ነበር። አጎቱ ቤት አልገባም፣ ልጄም አልወጣም። የሾፌሩን ድንጋይ ገና አልተሸከምኩም፤ ትከሻዬ ትንሽ ይሻለው እያልኩ ነው።